በደብር ለማገልገል ለሚነሣ ምእመን፦ ትሕትናንና ታማኝነትን በሥራ የመለማመጃ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጎንደር ከተማና በአካባቢዋ ባሉ አድባራት ያለ ክፍያ ለማገልገል ለሚያስቡ ምእመናን ነው፤ ይኸውም ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ጡረታ ወጥተው ቀሪ ዘመናቸውን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ለማሳለፍ ለሚፈልጉ አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም ከሌላ ቦታ መጥተው በአዘዞ ወይም በማራኪ ኑሮ ጀምረው በየትኛው በር እንደሚገቡ ላላወቁ ሰዎች ነው። የዲቁናና የቅስና አገልግሎት የራሱ ትምህርትና ሥርዓት ስላለው እዚህ አይነካም።

አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር አለ። በእኛ ዘንድ የትሕትና ንግግር አይቸግርም። «እኔ ኃጢአተኛው»፣ «እኔ ደካማው» የሚለው ቃል ከአፋችን አይጠፋም፤ ይህን እያለ ግን የተረከበውን ቁልፍ ይዞ የሚጠፋ፣ በቀጠሮው ቀን የማይገኝ፣ ሒሳብ ሲጠየቅ ፊቱ የሚለዋወጥ ሰው በየደብሩ አይታጣም። አበው «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ያሉት እንዲህ ያለውን አይተው ይመስለኛል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ትሑት አገልጋይ የሚባለው የታዘዘውን ሥራ በታዘዘበት ሰዓት ሠርቶ የሚገኝ፣ ሲጨርስም ራሱን እንደ ባለ ውለታ የማይቆጥር ሰው ነው። ጌታም በሉቃስ ወንጌል 17፥10 የታዘዙትን ሁሉ የፈጸሙትን ሰዎች «የማንጠቅም ባሪያዎች ነን፥ ልናደርገው የሚገባንን አድርገናል በሉ» ይላቸዋል፤ ይህ ቃል ሥራውን ሳይጨርሱ ራሳቸውን ለሚያዋርዱ ሰዎች የተነገረ እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል።

1. ሰው ያጣውን ሥራ ይጠይቁ

በመጀመሪያ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። እሳቸው የቤትዎን ሁኔታ፣ ጤናዎን፣ ቁጣዎንና ትዕግሥትዎን ስለሚያውቁ «ይህ ለጊዜው ይቆይ» ቢሉ ያቆዩት። ፈቃዳቸውን ካገኙ በኋላ ወደ ደብሩ ቄሰ ገበዝ (የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና አገልግሎት ወደሚጠብቁት ካህን) ወይም ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይሂዱና «አባቴ፣ በዚህ ደብር ሰው ያጣው ሥራ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። «እኔ ይህንና ይህን እችላለሁ፤ የት ልግባ?» ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው እሱ የፈለገው ሥራ ነው፤ ደብሩ የቸገረው ሥራ ግን እዚያው እንደቸገረ ይቀራል። መልሱ የመጸዳጃ ቤት ጽዳት፣ የዘበኛውን ተራ መሸፈን ወይም ውኃ በጠፋበት ሳምንት በርሜል መሙላት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመስማት ተዘጋጅተው ይሂዱ።

ጎንደር በአርባ አራት ታቦቷ የምትጠራ ከተማ ናት፤ ሁሉም አጥቢያ ግን እኩል ሰው የለውም። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ወይም ቁስቋምን የመሰሉ ስመ ጥር አድባራት አገልጋይና ጎብኚ ሲሞላቸው፣ ከዚያ ወጣ ያለችው አጥቢያ ቅጽረ ግቢዋን የሚጠርግላት ሰው ታጣለች። ምርጫ ካለዎት ሰው ወደጎደለበት መሄዱ ይሻላል።

እዚህ ላይ ግን ሙያን መደበቅ ትሕትና ተብሎ እንዳይቆጠር ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆነ ሰው የቤተ ክርስቲያኑ ሽቦ ብልጭ ድርግም ሲል እያየ «እኔ ምኑን አውቄ» ብሎ ዝም ካለ፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 መክሊቱን ጉድጓድ ቆፍሮ ከቀበረው ሰው የሚለየው ነገር የለም። ሲጠየቁ የሚችሉትን በትክክል ይናገሩ፤ የማይችሉትንም እንዲሁ።

2. አንድ ሥራና አንድ የታወቀ ሰዓት ይያዙ

ጀማሪ አገልጋይ የሚሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ወር ብዙ በመያዝ ነው። መዝሙር ጥናት፣ የጽዳት ክፍል፣ የበዓል አስተናጋጅነት፣ የምግባረ ሠናይ ኮሚቴ፣ ሁሉም ላይ ስሙን ያስመዘግባል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን የትም አይገኝም። በዚህ ምትክ «ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቅኔ ማኅሌቱን ምንጣፍ አጸዳለሁ» እንደሚል ያለ ቀኑና ቦታው የታወቀ አንድ ሥራ ይያዙ። መቅረት ግድ ቢሆንብዎ አስቀድመው ያሳውቁ፤ ደግሞም የሚተካዎትን ሰው ራሳቸው ቄሰ ገበዙ እንዲፈልጉ አይተዉባቸው፣ እርስዎ ይፈልጉ። «በጥቂቱ ታምነሃል» የተባለው አገልጋይ ይህን ቃል የሰማው ጥቂቱን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ሥራውን ሲመርጡ ሰው የሚያየውንና የማያየውን ለይተው ይመዝኑ። በጎንደር ይህ በጥምቀት ሰሞን ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጥር 10 ቀን ከተራ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ፣ በፊታቸው ምንጣፍ ለማንጠፍና ገመድ ይዞ ሕዝቡን ሥርዓት ለማስያዝ የሚሻማው ወጣት እጅግ ብዙ ነው፤ ማገልገሉም መልካም ነው። ከቀሐ ወንዝ ውኃ የሚገባበት ያ ጥንታዊ መዋኛ በበዓሉ ዋዜማ ሲጸዳና ሲሞላ፣ ከበዓሉ በኋላም በጥር 13 ቀን ጠዋት ግቢው በሸንኮራ ልጣጭና በባዶ የውኃ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ሲገኝ ግን መጥረጊያና ማዳበሪያ ይዞ የሚመጣው ሰው ይቀንሳል። አዲስ ጀማሪ የ13ኛውን ቀን ሥራ ቢይዝ መልካም ነው፤ ከተራውን በሚቀጥለው ዓመትም ያገኘዋል።

3. ቀድሞ ከነበረው ሰው ይማሩ

ማንም የማያስታውሰው በሚመስል ሥራ ላይ እንኳ ለዓመታት የቆየ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜም አንዲት እማሆይ ናቸው። «እማሆይ፣ እርስዎ እንዴት ነው የሚያደርጉት?» ብለው ይጀምሩ፤ የተሻለ ዘዴ ቢያውቁም እንኳ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት በእሳቸው መንገድ ይሥሩ። አዲሱ ሰው በገባ በሳምንቱ ሁሉን እንደ አዲስ ላደራጅ ሲል፣ በሥራው የቆዩት ሰዎች ያለ ቃል ወደ ዳር ይወጣሉ፤ እሱም ሲሰለች ሥራው ባዶውን ይቀራል።

ለምሳሌ የጧፍ ሰም ከምንጣፍ ላይ የማንሣትን ሥራ እንውሰድ። ልምዱ የሌለው ሰው ትኩሱን ሰም በእርጥብ ጨርቅ ሲፈትገው ሰሙ ወደ ምንጣፉ ጸጉር ይሠርጋል። የለመዱት ግን መጀመሪያ ሰሙ እስኪደርቅ ይተዉታል፤ ቀጥሎ በቢላዋ ጀርባ ወይም በማንኪያ ጠርዝ ቀስ ብለው ይፍቁታል፤ የቀረውንም በላዩ ንጹሕ ወረቀት አድርገው ለብ ባለ ካውያ ይጫኑታል፤ ሰሙ ወደ ወረቀቱ ይወጣል፤ ወረቀቱም ሰም በጠጣ ቁጥር ይቀየራል። ምንጣፉ የናይለን ከሆነ ካውያው ከጋለ ያቀልጠዋልና በመጨረሻው ዝቅተኛ ሙቀት ጠርዝ ላይ ሞክሮ መጀመር ያስፈልጋል። ሥራው ጉልበት ላይ ተንበርክኮ የሚሠራ ነው፤ በአንድ ክንድ ስፋት ላይ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚገባ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ የጣሪያውን መላእክት ይመለከታል፤ የቆመበትን ምንጣፍ የሚያይ የለም፤ መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው።

ወሰንዎን ማወቅም የዚህ ደረጃ አካል ነው። ወደ መቅደስ መግባትና ንዋየ ቅድሳትን መንካት ለካህናትና ለዲያቆናት የተለየ ስለሆነ፣ በቅንነት ቢሆንም እንኳ «ልርዳችሁ» ብለው አይለፉ። የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤተ ልሔምም እንዲሁ። የማያውቁትን ከመንካትዎ በፊት ይጠይቁ።

4. ገንዘብና ንብረት ሲይዙ ብቻዎን አይያዙ

አገልግሎት የሚበላሽበት ዋናው በር ይህ ነው። በሐዋርያት መካከል የገንዘብ ከረጢት የያዘው ይሁዳ እንደነበረና ከሚገባበት ይወስድ እንደነበረ በዮሐንስ ወንጌል 12፥6 ተጽፏል፤ ከጌታ እግር ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ ከዚህ ካልዳነ፣ «እኔ ታማኝ ነኝ፤ ምን ቁጥጥር ያስፈልገኛል?» ማለት የማያዛልቅ ትምክሕት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስልክ ብቻውን አልያዘውም፤ ማንም እንዳይነቅፈው በመጠንቀቅ ቲቶንና በአብያተ ክርስቲያናት የተመሰገኑ ወንድሞችን ጨምሮ ላከ፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እንደሚያስብም ጻፈ (2ኛ ቆሮ. 8፥20–21)። ቁጥጥርን በደስታ መቀበል ራሱን የቻለ ትሕትና ነው።

ስለዚህ በሰንበቴም፣ በማኅበርም፣ በሕንፃ ኮሚቴም ቢሆን የሚከተለውን ልማድ ያድርጉ። ገንዘብ ሲቆጠር ከሁለት ሰው ያላነሰ ይገኝ፤ ድምሩ እዚያው ተጽፎ ሁሉም ይፈርሙበት። ደረሰኝ ሳይቆርጡ ከማንም አይቀበሉ፤ ሰጪው «ግድ የለም፣ እተማመንሃለሁ» ቢልም ይቁረጡለት። ገንዘቡ ቤትዎ አይደር። «እስከ ወር መጨረሻ ልበደርና እመልሰዋለሁ» የሚለው ሐሳብ አንድ ጊዜ ከገባ ለመውጣት ያስቸግራልና ከመነሻው በሩን ይዝጉበት። ለበዓል የተዋሳችሁትን ድንኳን፣ ድስትና ብርጭቆ ቆጥራችሁ ተረከቡ፣ ቆጥራችሁ መልሱ፤ የተሰበረ ካለ ባለቤቱ ሳያየው በፊት ተናግራችሁ ተኩ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል በቤተ መንግሥት ዙሪያ የተወለደ ይሁን እንጂ በቤተ ክርስቲያን ግቢም ጆሮ የሚሰጠው አላጣም፤ ይህን እንደ ቀልድ እንኳ የሚናገር ሰው ከሣጥን አጠገብ ባይመደብ መልካም ነው።

ጉድለት ሲያዩ ደግሞ ዝምታ ትሕትና አይደለም። መጀመሪያ ሰውየውን ለብቻው ይጠይቁት፤ በማቴዎስ 18፥15–17 እንደታዘዘው ባይሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘው ይመለሱ፤ ከዚያም ለሰበካ ጉባኤው ያቅርቡ። ይህን ሲያደርጉ ያዩትንና በወረቀት ያለውን ብቻ ይናገሩ፤ የሰሙትን ወሬ አይጨምሩበት። በቡና ላይ የተጀመረ ክስ ወደ ስብሰባ ሲደርስ ሐሜት ሆኖ ይቀራል፤ ጉድለቱም በዚያው ይሸፈናል።

5. ነዳያንንና የአብነት ተማሪዎችን እንደ እንግዳ ያስተናግዱ

በዓመታዊ ክብረ በዓል ወይም በዝክር ቀን ምግብ ሲታደል፣ አሠራሩ ራሱ ስለ ልባችን ይናገራል። ነዳያን በፀሐይ ተሰልፈው የተጋበዙት ባለ ክብሮች እስኪበሉ ከጠበቁ፣ የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 2 የወቀሰውን እኛም አድርገነዋል፤ ወርቅ ቀለበት ላደረገው «በመልካም ቦታ ተቀመጥ»፣ ለድኻው ግን «ወደዚያ ቁም» ብለናል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ነዳያን በጥላ ሥር በዳስ ይቀመጡ። እጃቸውን ሲያስታጥቡ ጎንበስ ብለው በቀስታ ያፍስሱ፤ ብዙዎቹ ዓይናቸው ስለማያይ ወይም እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ውኃው በልብሳቸው ላይ እንዳይፈስ ሣፋውን ያስጠጉ። ከዚያ እንጀራው ይቅረብ፤ ወጡም ከድስቱ ግርጌ የቀረው ሳይሆን ለእንግዳ የሚቀርበው ይሁን። ስማቸውን ይጠይቁ፤ በሚቀጥለው ጊዜም በስማቸው ይጥሯቸው። ፎቶግራፍ አያንሡ። ለማኅበሩ ሪፖርት ያስፈልጋል የሚባል ከሆነ የድስቱንና የዳሱን ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ የሚበላ ሰው ፊት ግን የሪፖርት ማስረጃ ሊሆን አይገባም። በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ምጽዋት ስትሰጥ መለከት አታስነፋ የተባለው ሰው በኪሱ ስልክ ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ መለከቱ በየእጃችን አለ።

ጎንደር የአቋቋም (የማኅሌት ሥርዓት ትምህርት) ማስመስከሪያ ከሆነው ከበዓታ ለማርያም ጀምሮ በአብነት ትምህርት የታወቀች ስለሆነች፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ በደጃችን የተለመደ ነው። ያ ደበሎ የለበሰና አኩፋዳ ያንጠለጠለ ልጅ ከቤቱ ርቆ ለየኔታው ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ፣ ሌሊት ዜማ እየቀጸለ የሚማር ነው፤ ትምህርቱን የጀመረው በመለመንና በመታዘዝ ስለሆነ፣ ስለ ትሕትና ከእኛ የበለጠ ያውቃል። ልጁን ደጅ ላይ አያቁሙት፤ ለውሻ ያሰቡትን የሻገተ እንጀራ አይስጡት። ከተቻለ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ተማሪ ትኩስ ምግብ ለማቅረብ ከየኔታው ጋር ይስማሙና ቀኑን ሳያጎድሉ ያድርሱ። ልብሱን ማጠቢያ ሳሙናም ከምግቡ ባልተናነሰ ያስፈልገዋል።

6. ምስጋናንና ወቀሳን በልክ ይቀበሉ

ሰው ሲያመሰግንዎት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ወደ ሥራዎ ይመለሱ። «ኧረ እኔ ምን ሠርቼ፣ እኔ ምንም አይደለሁ» እያሉ ረጅም ሙግት መክፈት ሰውየው ምስጋናውን ሁለትና ሦስት ጊዜ እንዲደግመው ያስገድደዋል፤ ብዙ ጊዜም ልባችን የፈለገው ይህንኑ ነው።

ወቀሳ ይከብዳል። በተለይ በጉባኤ ፊት ተግሣጽ ሲደርስ፣ ከእድሜ ታናሽ ከሆነ ሰው ሲመጣ፣ ወይም ግማሹ እውነት ግማሹ ሐሰት ሲሆን ለመታገሥ ያስቸግራል። እንዲህ ባለ ጊዜ በዚያው ቀን መልስ አይስጡ፤ «ሰምቻለሁ፣ አስብበታለሁ» ብለው ይውጡ። ቤት ገብተው ከተነገረዎት ውስጥ እውነት የሆነውን ክፍል ብቻ ለይተው ይጻፉና በሚቀጥለው ሳምንት እሱን ያርሙ። ሐሰት የሆነው ክፍል የደብሩን ገንዘብ ወይም የሌላ ሰውን ስም የሚነካ ከሆነ በጽሑፍ ያስረዱ፤ እርስዎን ብቻ የሚነካ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢተዉት ይሻላል። አኩርፎ አገልግሎት ማቆም በእኛ ዘንድ የተለመደ መልስ ነው፤ ነገር ግን ቅር ያሰኘዎት አንድ ሰው ሲሆን የሚጎዱት ቅዳሜ ምንጣፉን የሚጠብቁት ሁሉ ናቸው።

7. በጸሎተ ሐሙስ ለመታጠብም ይቅረቡ

በሰሙነ ሕማማት በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ፣ ብዙ ሰው «እኔ አይገባኝም» ብሎ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ አንዳንዱም ካልሲው ተቀዶ ይሆናል። ጴጥሮስም «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ብሎ ነበር፤ የተሰጠው መልስ ግን ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም የሚል ነው። በዮሐንስ ምዕራፍ 13 የተጻፈውን ከበዓሉ በፊት በዝግታ ያንብቡት፦ ከእራት ተነሣ፣ ልብሱን አኖረ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጠቀ፣ ውኃ ጨመረ፣ አጠበ፣ በታጠቀበትም ጨርቅ አበሰ። ምንም አልዘለለም፤ ማበሱን እንኳ ለሌላ አልተወም። ከታጠቡት እግሮች መካከልም የይሁዳ እግር ነበረበት። ሌሎች እንዲያገለግሉት የማይፈቅድ አገልጋይ ውሎ አድሮ ሁሉ ባለ ዕዳው እንደሆነ ማሰብ ይጀምራልና፣ ሲታመሙ ሰው ይጠይቅዎት፣ ሲደክሙ ባልዲዎን ሌላው ይያዝልዎት።

8. በቤትዎ የሚደረገውን አይርሱ

ማኅሌት ቆሞ አድሮ ቤቱ ሲገባ ውኃ የሚያቀርብለት ካላገኘ የሚቆጣ ሰው አገልግሎቱን ከደጀ ሰላም አላሳለፈውም። አገልግሎትዎ በማን ጉልበት ላይ እንደቆመ ይመልከቱ፤ እርስዎ ደብር ሲውሉ የታመሙ እናትዎን የምታነሣና የምትጥል እህት ወይም ሚስት ካለች ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት። በሳምንት አንድ ቀን ደብሩን ትተው እሷን ወደ ቅዳሴ ይላኩና እርስዎ ከበሽተኛው ጋር ይዋሉ።

9. ለማስረከብ ከመጀመሪያው ይዘጋጁ

አንድን ሥራ ከእርስዎ በቀር የሚያውቀው ከሌለ፣ ምንም ያህል ቢደክሙበት ደብሩን በእርስዎ ላይ ጥገኛ አድርገዋል። ስለዚህ ቁልፍ የትኛው የየትኛው በር እንደሆነ፣ ውኃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ከማን ምን እንደተዋሳችሁ፣ የትኛው ምንጣፍ ካውያ እንደማይችል በአንድ ደብተር ይጻፉ። ሁልጊዜም ከእርስዎ የሚያንስ አንድ ሰው አብሮዎት ይሥራ፤ የሚያጠፋውን በፊት ለፊት ሳይሆን ለብቻው ያርሙት። የአገልግሎት ዘመንዎ ሲያልቅ ወይም ሌላ ሰው ሲመደብ ንብረቱን በሦስተኛ ሰው ፊት ቆጥረው ያስረክቡ፤ የጎደለ ካለ ይተኩ ወይም ያስፈርሙ። አዲሱን ሰው «ሹመት ያዳብር» ብለው ይመርቁትና አንድ ክብረ በዓል አብረውት ይሥሩ። ከዚያ በኋላ እሱ ሲጠይቅዎት ብቻ ይመልሱ፤ ምንጣፉን በሌላ መንገድ ቢያጥበው ምንጣፉ እስካልተጎዳ ድረስ ዝም ይበሉ።

እርስዎም በማግስቱ ወደ ቄሰ ገበዙ ተመልሰው ሰው ያጣው ሥራ የትኛው እንደሆነ እንደገና መጠየቅ ይችላሉ፤ የመጸዳጃ ቤቱ ተራ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው።